ሰሊጡ ዋጋ አለው፣ ድንጋዩ ግን ገዢ ብቻ

የአብርሃ ጅራ ገበሬ በሰሊጥ ዋጋ ሲያማርር ዋጋውን አውቆ ነው። ምርት ገበያው ትናንት በስንት እንዳገበያየ፣ መተማ ስንት እንደዋለ፣ ከጎንደር የመጣው ነጋዴ ስንት እንደሰጠ፣ ድንበር ማዶ ገላባት ላይ ስንት እንደሚወራ ማሳው ላይ ቆሞ በስልክ ይሰማል። ተበላሁ ካለ በኩንታል ስንት ብር እንደተበላ መናገር ይችላል።

ወሎ ደላንታ ላይ ኦፓል የሚቆፍረው ወጣት ግን ይህ እንኳ የለውም። መበላቱንም አለመበላቱንም አያውቅም። ገዢው የጠራለት ቁጥር ዋጋ ይሁን ምጽዋት የሚለይበት መለኪያ በእጁ የለም። ያው ድንጋይ ከወራት በኋላ ተቆርጦና ተወልውሎ፣ በካራት ተመዝኖ፣ "የወሎ ኦፓል" ተብሎ ኢቤይ ላይ ለጨረታ ይቀርባል። ቺካጎ ያለ ጡረተኛ፣ ቶኪዮ ያለች ጌጥ ሠሪ፣ ሲድኒ ያለ ሰብሳቢ ዋጋ ሲጨምሩበት ይውላሉ። ዓለም ሁሉ የሚያየውን ዋጋ ያላየው ከዋሻ ያወጣው ሰው ብቻ ነው።

ስለዚህ ነገሩ በግልጽ ይነገር። የኢትዮጵያ የከበሩ ድንጋዮች ገዢ አጥተው አያውቁም። ያጡት በይፋ የሚታይ ዋጋ ነው። ይህን ጉድለት ኬላ መጨመር አይሞላውም፣ ወጣቱን "ኦንላይን ሽጥ" ብሎ መምከርም አይሞላውም። የሚሞላው ድንጋዩ በሚወጣበት ወረዳ የሚካሄድና ውጤቱ በዕለቱ የሚለጠፍ ጨረታ ነው።

በአንድ ዓመት የተወለዱ ሁለት ገበያዎች

አብርሃ ጅራንና ደላንታን ምን አገናኛቸው የሚል ይኖራል። መጀመሪያ የሚያገናኛቸው ሰው ነው። በመስከረምና በጥቅምት ሰሊጥ ሲደርስ ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከወሎ ደጋ እየጎረፈ ወደ መተማና ምዕራብ አርማጭሆ ቆላ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ፣ ሰሊጡ ታጭዶ ሂላ ሆኖ እስኪቆም፣ ተራግፎ ጆንያ እስኪገባ ሙቀቱንና ካላዛሩን ችሎ ይሠራል። ደጋው ላይ መሬት የሌለው ወጣት ምርጫው ጥቂት ነው፤ ወይ ወደ ቆላ ይወርዳል፣ ወይ ወደ ዋሻ ይገባል።

ሁለተኛው የሚያገናኛቸው ዓመተ ምሕረት ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በአዋጅ ቁጥር 550/1999 ተቋቁሞ ሥራ የጀመረው በሚያዝያ 2000 ነው። የወገል ጤና ኦፓልም የተገኘው በዚያው በ2000 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በሰሜን ሸዋ መዘዞ አካባቢ የወጣው ኦፓል በአብዛኛው ቡናማና ቶሎ የሚሰነጠቅ ስለነበር በውጭ ገበያ ስሙ ሳይጸና ቀርቷል። የወገል ጤናው ግን ነጣ ያለ፣ ብርሃን ሲያርፍበት ቀስተ ደመና የሚረጭ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአውስትራሊያው ኦፓል ጎን ተሰልፎ የሚጠራ ሆነ።

አገሪቱ ለሁለቱ ያደረገችው ግን አንድ አይደለም። ለሰሊጥ መጋዘን ተሠራለት፣ ናሙና የሚወስድ ባለሙያ ተቀጠረለት፣ "ሁመራ ጎንደር"፣ "ወለጋ" ተብሎ ዓይነትና ደረጃ ወጣለት። ሻጩ ምርቱን አስረክቦ ደረሰኝ ይቀበላል፤ ሻጭና ገዢ መጀመሪያ አዲስ አበባ የግብይት ወለል ላይ እጅ ለእጅ እየተማቱ፣ በኋላም በኮምፒውተር ይገበያያሉ፤ የዕለቱ ዋጋ በሰሌዳና በአጭር የስልክ መልእክት ይበተናል። ለኦፓል ግን ምን ተደረገለት? ፈቃድ፣ መመሪያ፣ ሥልጠና፣ ባዛር። ዋጋ የሚታይበት ሰሌዳ ግን አልተተከለለትም።

ምርት ገበያው እንከን የለሽ አይደለም። የጥራት ደረጃ አሰጣጡ ያጨቃጭቃል፣ ሰሊጥ በኮንትሮባንድ ወደ ሱዳን ይሻገራል፣ ደላላው አልጠፋም። ከሚያዝያ 2015 ወዲህ የሱዳን ጦርነት፣ ከዚያው ዓመት ክረምት ወዲህ ደግሞ የአማራ ክልል ግጭት መንገዱንም ገበያውንም አናግቶታል። ይህ ሁሉ ሲደመር ግን አንድ ነገር አይሽረውም፤ የታወቀ ዋጋ ያለው ሰው ይከራከራል፣ ምርቱን ያቆያል፣ ሌላ ገዢ ይፈልጋል። ዋጋ የማያውቅ ሰው የተሰጠውን ተቀብሎ ይመርቃል።

ኪሎና ካራት

የደላንታ ኦፓል የሚገኘው በገደሉ ወገብ ላይ በተነጠፈ ስስ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ንጣፍ ውስጥ ነው። ንጣፉን ለመከተል ወጣቶቹ በዶማና በመሮ ወደ ጎን እየሰረሰሩ ይገባሉ። ጣሪያውን የሚደግፍ ምሰሶ እምብዛም የለም። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ደላንታ ውስጥ ዋሻ ተደርምሶ ሃያ የሚሆኑ ቆፋሪዎች ከውስጥ መቅረታቸው በአገር ውስጥም በውጭም ዜና ሆኖ ነበር። ሰሞኑን ታዘነ፣ ከዚያ ተረሳ።

አሁን ሒሳቡ ይታይ። 1 ግራም 5 ካራት ነው፤ 1 ኪሎ 5,000 ካራት። ወጣቱ ጥሬውን በኪሎ ወይም በዓይን ግምት ይሸጣል። ኢቤይ ላይ ግን በካራት ይሸጣል። ከአንዱ መለኪያ ወደ ሌላው በሚሻገርበት መንገድ ላይ ያለው ሀብት የማን እንደሆነ ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

እርግጥ ከአንድ ኪሎ ጥሬ ድንጋይ አብዛኛው ይጣላል። ቀለም የሌለው አለ፣ የተሰነጠቀ አለ፣ ሲቆረጥ የሚፈረካከስ አለ። ቆራጩ ድካሙንና ኪሳራውን ሊያስብ ይገባዋል፤ ነጋዴውም ያለ ትርፍ አይሠራም። ስለዚህ ዝቅተኛ ዋጋ ሁሉ ሌብነት አይደለም። ችግሩ የትኛው ዋጋ ፍትሐዊ፣ የትኛው ዘረፋ እንደሆነ ወጣቱ የሚለይበት መንገድ አለመኖሩ ነው። "በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል" ይባላል። እዚህ ግን ወርቁን መዳብ ያደረገው የያዘው ሰው ንቀት አይደለም፤ የሚመዝንለት ማጣቱ ነው። ደግሞስ ወርቅ እንኳ ከዚህ ይሻላል፤ የብሔራዊ ባንክ የወርቅ መግዣ ዋጋ በይፋ ይወጣል።

ጊታር ምን ያስተምራል?

ለዚህ ሐሳብ ሁሌ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፦ "ሰሊጥ ፍሬው አንድ ዓይነት ነው፣ ደረጃ ይወጣለታል። ድንጋይ ግን እያንዳንዱ ለየቅል ነው። እንዴት ተብሎ ዋጋ ይለጠፍለታል?"

ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን እዚያው ኢንተርኔት ጨረታ ላይ፣ ከኦፓሉ አጠገብ ይገኛል። እዚያ በብዛት ከሚሸጡት ዕቃዎች አንዱ አሮጌ ጊታር ነው። ሁለት አሮጌ ጊታሮች ደግሞ አይመሳሰሉም። አንዱ አንገቱ ተሰብሮ ተጠግኗል፣ አንዱ ቀለሙ ተልጧል፣ አንዱ የክር መወጠሪያው ተቀይሯል፣ አንዱ ሠላሳ ዓመት አልጋ ሥር ተቀምጦ አዲስ መስሏል። ያም ሆኖ ያገለገለ ጊታር ዋጋ ዛሬ ምስጢር አይደለም። አዲስ አበባ ያለ የባንድ ተጫዋች ዋሽንግተን ያለውን የአጎቱን ልጅ "ይህን ጊታር ግዛልኝ" ብሎ ከመላኩ በፊት ስንት ሊያወጣ እንደሚገባው በስልኩ አይቶ ይጨርሳል።

እንዴት ሊሆን ቻለ? በሦስት ነገር። አንደኛ፣ ጊታሩ መታወቂያ አለው፤ ፌንደርና ጊብሰን የመሳሰሉት ፋብሪካዎች በሚመቱት ተከታታይ ቁጥር መቼና የት እንደተሠራ ይፈተሻል። ሁለተኛ፣ ጉድለቱ ይነገራል፤ ሻጩ ጭረቱን ሁሉ ፎቶ አንስቶ ካላሳየ ገዢው ይመልስበታል። ሦስተኛውና ዋናው፣ ያለፈው ሽያጭ አይደበቅም፤ ኢቤይ ላይ የተሸጡ ዕቃዎች ዋጋ ተለይቶ ይታያል፣ የሙዚቃ መሣሪያ ብቻ የሚሸጥበት ሪቨርብ ደግሞ ተመሳሳይ ጊታር ከዚህ በፊት በስንት እንደተሸጠ ያሳያል።

ታሪክ ያለው ዕቃ ምን ሊያወጣ እንደሚችል ሰኔ 2012 ላይ ታይቷል። ከርት ኮቤይን እ.ኤ.አ. በ1993 በኤም ቲቪ ዝግጅት የተጫወተበት አሮጌ ማርቲን ጊታር አሜሪካ ውስጥ በጨረታ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። ያን ያህል ያስወጣው እንጨቱና ክሩ አይደለም። ማን እንደተጫወተበት፣ መቼ፣ የት እንደሆነ በማስረጃ መታወቁ ነው።

የደላንታ ድንጋይ ግን በየትኛው ዋሻ፣ በየትኛው ወር፣ በማን እጅ እንደወጣ የሚናገርለት ወረቀት የለውም። ፋብሪካ የሠራው እንጨት መታወቂያ ሲኖረው፣ ሰው የሞተበት ድንጋይ ስም የለውም።

"ኦንላይን ሽጥ" የሚሉት መካሪዎች

ሌላው የተለመደ መፍትሔ የሥልጠና አዳራሽ ውስጥ የሚነገረው ነው፦ "ዘመኑ የዲጂታል ነው፤ ደላላውን ዝለሉት፤ በቀጥታ ለዓለም ሽጡ።" ያምራል። ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ወገል ጤና የተቀመጠ ወጣት በውጭ ጨረታ ለመሸጥ ስንት በር ማንኳኳት እንዳለበት ይታሰብ። የመላኪያ ፈቃድ ይፈልጋል። ውጭ አገር የተከፈለለትን ዶላር የሚቀበልበት ሒሳብ ይፈልጋል፤ ዓለም የለመዳቸው የክፍያ መንገዶች ደግሞ ለአንድ ተራ ኢትዮጵያዊ ሻጭ ብዙውን ጊዜ ዝግ ናቸው። ዕቃው ቢመለስ የሚከፍለው የፖስታ ገንዘብ ይፈልጋል። ከሁሉም በላይ በሺህ የሚቆጠር የደንበኛ ምስክርነት ካለው የጃይፑር ወይም የአሜሪካ ሻጭ ጎን ቆሞ የሚታመንበት ስም ይፈልጋል። ይህ ሁሉ ባይጎድል እንኳ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ እንደነበር የሚረሳ የለም። ጨረታው በሚዘጋበት ሰዓት መስመር የሌለው ሻጭ ምን ዓይነት ሻጭ ነው?

ጨረታውም ቢሆን ወጥመድ አያጣም። የወሎ ኦፓል ውሃ ይጠጣል፤ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ብርሃኑም ይለወጣል። ይህን ጠባዩን ተጠቅመው በጭስ ወይም በስኳርና በአሲድ የሚያጠቁሩት፣ ሐምራዊ የሚነክሩትም አሉ። የማያውቅ ገዢ ተፈጥሯዊ ጥቁር ኦፓል ገዛሁ ብሎ የተጨሰ ድንጋይ ይደርሰዋል። ሲነቃ የሚረግመው የነከረውን ሰው አይደለም፤ "የኢትዮጵያ ኦፓል" የሚለውን ስም ነው። ስለዚህ የድንጋዩ መነሻና ታሪክ መጥፋት የሚጎዳው ቆፋሪውን ብቻ አይደለም፤ ባሕር ማዶ ያለውን ገዢም ያስከፍላል።

"ህንዶች በሉን" እና "ኬላ ይጠበቅ"

ጣት ወደ ጃይፑር መቀሰርም ቀላል ነው። ጃይፑር ግን ለትውልዶች ድንጋይ ሲቆርጥ የኖረ ከተማ ነው። ከኢትዮጵያም፣ ከዛምቢያም፣ ከኮሎምቢያም ይገዛል፤ ይቆርጣል፤ ይሸጣል። ነጋዴ በርካሽ መግዛቱ አይወቀስም፤ የሚወቀሰው ርካሽ እንዲሆን የተወው ነው። ጃይፑር ላይ ዋጋ የሚደብቅ ግድግዳ የለም፤ ግድግዳው ያለው በወገል ጤናና በአዲስ አበባ መካከል ነው።

ባለሥልጣኑ ደግሞ "ሕገ ወጥ ዝውውር" ይላል። የከበሩ ማዕድናት ግብይት በአዋጅ መመራት ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። ያለ ፈቃድ መያዝና መሸጥ ያስቀጣል። ይሁን። ግን በኩንታል የሚጫን ሰሊጥ በመተማ በኩል ከማለፍ ካልቀረ፣ በሸሚዝ ኪስ የሚያዝ ድንጋይ በየትኛው ኬላ ይያዛል? ፍተሻ በጠነከረ ቁጥር አደጋውን የሚሸከመው ደላላ "ለኬላው" እያለ ከቆፋሪው ዋጋ ላይ ይቀንሳል። ኮንትሮባንድን የሚያከስረው በሕጋዊው በር የሚገኘው ዋጋ ከጓሮው በር ሲበልጥና ይህም በይፋ ሲታይ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋን ለገበያ ሲለቅ ላኪዎች ካገኙት ዶላር ግማሹን እንዲያቆዩ ተፈቅዶላቸዋል። ለላኪው መልካም ነው። የብር ዋጋ ሲወርድ በዶላር የሚሸጥ ሰው በብር ሲመነዘር ያተርፋል። ከዚህ ትርፍ ወደ ዋሻው ስንት ወረደ? ዋጋ ያልተለጠፈበት ገበያ ውስጥ የዶላር መጨመር ወሬው ብቻ ነው ገደሉን የሚወርደው።

ሌሎች አድርገውታል

ይህ ሐሳብ የሕልም እንጀራ አይደለም። ታንዛኒያ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማዕድን በሚወጣባቸው አካባቢዎች የመንግሥት የማዕድን መገበያያ ማዕከላት ከፍታለች፤ ቆፋሪው አምጥቶ ያስመዝናል፣ ግብሩ እዚያው ይቆረጣል፣ ሽያጩ ይመዘገባል። የኮቤይን ጊታር በተሸጠበት በዚያው ሰኔ 2012፣ ሳኒኒዩ ላይዘር የተባለ ታንዛኒያዊ አነስተኛ ቆፋሪ ከ9 ኪሎና ከ5 ኪሎ በላይ የሚመዝኑ ሁለት የታንዛናይት ድንጋዮች ለመንግሥት ሸጦ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተከፍሎታል። ክፍያው በአደባባይ ስለተፈጸመ ቀሪው ቆፋሪ ሁሉ ድንጋዩ ምን ሊያወጣ እንደሚችል አወቀ።

የዛምቢያው የካገም ኤመራልድ በየመደቡ ተለይቶ በጨረታ ይሸጣል፤ ገዢዎች ድንጋዩን ካዩ በኋላ ዋጋቸውን በኢንተርኔት የሚያስገቡበት አሠራር አለ፣ አማካይ የካራት ዋጋውም ከጨረታው በኋላ ለሕዝብ ይገለጻል። ቦትስዋና ከአልማዟ የተወሰነውን ድርሻ በራሷ ኩባንያ በኩል ጋቦሮኔ ላይ ታጫርታለች። ገዢው ከህንድም ከቤልጅየምም ይምጣ፣ ጨረታው ያለው ድንጋዩ አገር ነው።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ወገል ጤና ላይ የመመዘኛና የመለያ ማዕከል ይከፈት። ድንጋዩ በደረቁ ይመዘን፣ ፎቶ ይነሳ፣ ከረጢቱ ይታሸግ፣ ቁጥር ይሰጠው። ቆፋሪው ደረሰኝ ይያዝ። ሻኪሶ ለሚወጣው ኤመራልድም ያው ይደረግ።

ሁለተኛ፣ ቀኑ አስቀድሞ የታወቀ ጨረታ ይካሄድ። ፈቃድ ያለው ላኪም፣ የውጭ ገዢም፣ የአገር ውስጥ ቆራጭም ይጫረት። ርቆ ያለው በኢንተርኔት ይግባ። ቆፋሪው ከዚህ በታች አልሸጥም የሚልበት መነሻ ዋጋ ይኑረው።

ሦስተኛ፣ የእያንዳንዱ መደብ የሽያጭ ዋጋ በዚያው ቀን ይለጠፍ። ኢንተርኔት ከሌለ በአጭር መልእክት ይላክ፤ ለሰሊጥ ሲደረግ ለኦፓል የማይደረግበት ምክንያት የለም። ክፍያው በባንክ ወይም በቴሌብር በቁርጥ ቀን ይግባ።

አራተኛ፣ ከእያንዳንዱ ሽያጭ ትንሽ ድርሻ ለዋሻ ምሰሶና ለአደጋ ጊዜ ማዳኛ መሣሪያ ይቀመጥ። ሃያ ሰው ከተቀበረ በኋላ ዶማ ፍለጋ መሮጥ ይብቃ።

"በዚህ ጸጥታ ጨረታ ይታሰባል?" የሚል ይኖራል። ድንጋዩ ግን ሰላም እስኪወርድ አልጠበቀም፤ ዛሬም ይወጣል፣ ዛሬም ይሸጣል። ጥያቄው በስውር ይሸጥ ወይስ በግልጽ የሚለው ነው። በስውር ሲሸጥ ቆፋሪው ከደላላው በላይ የሚጮህበት አካል የለውም። በግልጽ ሲሸጥ ግን ቢያንስ ስንት እንደቀረበት ያውቃል።

ሥራው ከየት ይጀመር ለሚል፣ የመጀመሪያው እርምጃ አዲስ አዋጅ አይጠይቅም። የማዕድን ሚኒስቴርና የክልሉ ማዕድን ቢሮ ላኪዎች ኦፓሉን በስንት እንደሸጡ የሚያሳይ ሰነድ ይቀርብላቸዋል። የኩባንያ ስም ሳይጠቅሱ፣ በየደረጃው ያለውን አማካይ ዋጋ በየወሩ ወገል ጤና ገበያ ላይ በአንድ ሰሌዳ ይለጥፉ። ወጪው የሰሌዳና የቀለም ነው። ይህን የማያደርጉ ከሆነ ለምን እንደማያደርጉ ለደላንታ ወጣት ይንገሩት።